ለፍየሎቼ ያቀለምኩት ጥቁር

ወገን፣ ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ብነግራችሁ "ይቺ ልጅ ደግሞ ፈጠራ ጀመረች" ትሉኛላችሁ።

ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ሊተከል ነበር! በአንድ ድስት ቀለም ምክንያት!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሥራዬ ጨርቅ ነው (ፔጁን ዛሬ ላይክ ላደረጋችሁ ነው የምደግመው)። አቡጀዲውን ራሴ ቀለም እነክራለሁ፣ በመቀስ ቅርጽ ቅርጽ አወጣለሁ፣ ሌላ ጨርቅ ላይ ደርቤ በእጄ እሰፋለሁ። ከሥሩ ስስ ጥጥ አደርግበትና ደግሞ ከላይ እስከ ታች በመርፌ እወጋጋዋለሁ። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ከወንፊት የማይበልጥ ሥዕል ይወጣዋል።

እኔ "አርት" እለዋለሁ። ሰቆጣ "ድሪቶ" ይለዋል።

ምንም አይደል፣ ለምጄዋለሁ!

አሁን የያዝኩት ገደል ላይ የቆሙ ጥቁር ፍየሎች ነው። ገደሉን በሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ አወጣሁት። ጥቁሩ ግን ለወራት አስለቀሰኝ። አንዴ ቡናማ ይሆናል፣ አንዴ አመድ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ተሳካልኝ! እንዴት እንደተሳካ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ምክንያቱም እኔ ሰው አላምንም። በተለይ እማማ ብርቄን።

እማማ ብርቄ ጎረቤቴ ናቸው። አጥራችን ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፣ እሳቸውም እዚያ ቀዳዳ አጠገብ የማያልቅ ሥራ አላቸው። ቢጫውን ያወጣሁ ሰሞን "ይኸን ሁሉ የሽንኩርት ልጣጭ ምን ታደርጊዋለሽ?" ብለውኛል። ጤነኛ ሰው ስለ ልጣጭ ይጠይቃል?

ትናንት ከሰዓት ጥቁሩን ነከርኩ። ስድስት ክንድ አቡጀዲ! ድስቱ ውስጥ ቀለም ሲተርፍ ስስት ያዘኝና አሮጌ ነጠላዬንም ጨመርኩት።

ይቺን ነጠላ ያዙልኝ።

ሁሉንም አጥሩ ላይ አሰጣሁት። እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሯል፣ የማገዶው ጭስ ዓይኔን አቅልቶታል። እንዲህ ሆኜ ሳለ እማማ ብርቄ ወንፊት ሊመልሱ ገቡ። ጨርቁን አዩ። ነጠላዋን አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

"ይኸን ሁሉ ብቻሽን ነው?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነው" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"ምነው ልጄ፣ ለእኛ ሳትነግሪን?"

አያችሁ ነገሩን! ለምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ፊቴን ቋጥሬ "እማማ፣ ያዩትን ለማንም እንዳይናገሩብኝ፣ አደራ" አልኳቸው።

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ በሆዴ ምን እላለሁ? "ወይ ትወና!"

ከዚያ አጥሩ ሥር ሹክሹክታ በዛ። ብቅ ስል ወሬውን በኽምጣኛ ይቀጥሉታል። እናቴ የወልድያ ሰው ስለሆነች የእኔ ኽምጣኛ ከገበያ አያልፍም፣ ይህንንም ሰፈሩ አሳምሮ ያውቃል። የእድራችን ዳኛ አያ ካሳ ሳይቀሩ መጥተው ጨርቄን አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

አያ ካሳን ስለ ቀለም ምን አገባቸው?

ጨርቄን ሰብስቤ አስገባሁ። በሬን ቆለፍኩ። ድስቱን አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። አትሳቁ!

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

ስከፍተው እማማ ብርቄ ናቸው። ከኋላቸው አያ ካሳ፣ ከእሳቸው ኋላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ። ሁለት ጎረምሶች የድንኳን እንጨት ተሸክመዋል። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ? "ለአንድ ቀለም ይህን ያህል ሰው?"

ከዚያ ነጠላቸውን አየሁ። ሁሉም ዘቅዝቀዋል።

እዚህ ጋ አልቀልድም። ታናሽ ወንድሜ ሞላ ሳዑዲ ነው። ከደወለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚመጣው። አገሩ ሁሉ አስቀድሞ ይሰማል፣ ለባለ ሐዘኑ ይደበቃል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጡበታል። የትናንቱ ሹክሹክታ በአንዴ ገባኝ።

"ሞላዬን!" ብዬ ጮህኩ።

"ሞላ ነው ለካ!" ብለው እማማ ብርቄ ጮኹ። ግቢው አብሮ ጮኸ።

አለቀስኩ፣ ወገን። ድምፄ እስኪዘጋ ነው ያለቀስኩት። እማማ ብርቄ ወገቤን እንደያዙ አብረውኝ መሬት ወደቁ። አንዲት ሴት "ጀግናው፣ አንበሳው" እያለች ሙሾ ታወርድ ጀመር።

ሞላን! ቡችላ ሲያይ መንገድ የሚቀይረውን!

ይህ ሙሾ መሰለኝ ያነቃኝ። የእኔ ጥርጣሬ ለቅሶ ላይም አይተኛም። ደግሞስ "ሞላ ነው ለካ" ማለት ምን ማለት ነው? ሳያውቁ ነው እንዴ የመጡት?

"እማማ፣ ማን ነገረዎት?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ?!"

"ከል አቅልመሽ አጥር ላይ አስጥተሽ! ነጠላሽን ሳይቀር! ዓይንሽ ደም መስሎ! ደግሞ 'ለማንም እንዳይናገሩ' ትይኛለሽ! ሐዘን ብቻሽን ስትቀመጪ ዝም ብለን ልናይሽ ነው?"

"እማማ... ለፍየል ነው እኮ ያቀለምኩት።"

"ፍየል ሞቶብሽ ነው?" አሉ አያ ካሳ ከኋላ።

ፍየል የለኝም! ምን ብዬ ላስረዳ? ገብቼ ሥራዬን አመጣሁት። ቢጫ ገደል፣ ገና ያልተሰፉ ፍየሎች። አያ ካሳ ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ለዚች ድሪቶ ነው ያለቀስኩት?" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በደስታ እገባ ነበር።

ግን ማንም አልሳቀም። ሞላ አሁንም አልደወለማ! በእኔም ከሐፍረቱ ሥር ያው ፍርሃት ቁጭ ብሏል። እማማ ብርቄ "ከመጣን አይቀር የልጁን ድምፅ ሳንሰማ አንሄድም" አሉና ሪያድ ላለው ልጃቸው በኢሞ ደወሉ። ልጃቸው ለጓደኛው ደወለ፣ ጓደኛው ለሌላ። ፀሐይ ወጣች። የሚነሳ ሰው የለም። ጎረምሶቹ ይትከሉ አይትከሉ ስላላወቁ እንጨቱን እንደያዙ ቆመዋል።

በመጨረሻ የእማማ ስልክ ጮኸ። ሞላ በቪዲዮ ነው!

"ሄሎ? ስልኬን ተሰርቄ ነው እኮ! ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው? ማን ሞተ?"

"አንተ!" አለ ግቢው በአንድ ድምፅ።

ያኔ ነው የተሳቀው። አያ ካሳ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ግን ተመልሼ አለቀስኩ፣ ይሄኛው ሌላ ዓይነት ነው።

ሰው ሲበተን እማማ ብርቄ በሩ ላይ ቀሩ። የፍየሎቹን ጥቁር ጨርቅ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ግን እንዴት ያምራል! በምንድን ነው ያወጣሽው?"

ጠርጥሬ ነበር! አላልኳችሁም?!

ነገርኳቸው። የግራር ቅርፊት ትቀቅላላችሁ፣ የዛገ ሚስማር የሰነበተበት ውኃ ትጨምራላችሁ። ይኸው፣ እናንተም ያዙት።

ነጠላዋን አልለብሳትም። ከሰዓት በመቀስ ቆራረጥኳት፣ ጠዋት ለመጣው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ፍየል እያወጣሁባት ነው። አያ ካሳ "የእኔ ቀንዱ ረዘም ይበል" ብለዋል። ገደሉ ከአሁኑ ጠቦኛል።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ድስቱን አልጋ ሥር የደበቅኩት ከእነዚህ ሰዎች ነው?