በአገሯ ላይ የተሳለችው የብልባላ እመቤት

እናንተዬ፣ ሰው በገዛ አገሩ ላይ ሲሳል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መስማት ብቻ አይደለም፣ በዓይኔ አየሁ። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ "እመቤቴ፣ አገሬ ታሸንፍልኝ" ሳይሆን "አገሬ ትሸነፍልኝ" ስትል። ቆይ ግን፣ ከመሐሉ ጀመርሁባችሁ። ከሥሩ ልነሣ።

እኔ ላሊበላ ጠላ ቤት አለኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይኼን ፊደልም እንደ ዶሮ እየጫርሁ ነው የምጥለው፤ አንባቢ ትዕግሥቱን ይስጠው። ስለ ኳስ የማውቀው የወንድሜ ልጅ ትርንጎ ያስተማረችኝን ብቻ ነው። ትርንጎ የብልባላው ወንድሜ የአበጋዝ ልጅ ናት። ለትምህርት ብሎ እኔ ዘንድ አምጥቶ ጣላት፣ እኔም አሳደግኋት። ጠላ ቤቴ ውስጥ የጠጪ ክርን ብርጭቆ ነክቶ ሲጥል ልጅቱ ከየት መጣች ሳትባል፣ መሬት ሳይነካ ትቀልበዋለች። እሷ በነበረችበት ዘመን ብርጭቆ ገዝቼ አላውቅም። አሁን ጠላ በጣሳ ነው የምሸጠው። ምን ላድርግ?

ይህን አንድ የስፖርት አስተማሪ አየና ግብ ላይ አቆማት። ከዚያ ወዲያ ወረዳ አለች፣ ዞን አለች፣ ክለብ አለች፣ ይኸው የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ ሆነች። ከአሥራ አንዱ መካከል ኳስ በእጇ ብትይዝ የማትከሰሰው እሷ ብቻ ናት። ይህንም ያስረዳችኝ ራሷ ናት፤ እኔ መጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሳያት "ኧረ ልጄን ያስሯታል" ብዬ ነበር።

አባቷ ደስ ያለው መሰላችሁ? ምን ደስታ አለ። "ሴት ልጅ በቁምጣ" አለ፣ ዘጋ። ይህን የሚለው ማን ነው? በገና ጨዋታ የፊት ጥርሱን ያስወለቀ ሰው። ብልባላ ውስጥ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች አሉ፤ እኛ ላይ ቤቶች ነን። ለገና ይጋጠማሉ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል እንጂ የእኛዎቹ እስከ ጥምቀት ይቆጣሉ፣ ከጥምቀት በኋላም ለዐቢይ ጾም ያስተርፋሉ። የገናው ዱላስ ይሁን፣ ቁስሉ ይድናል። የማይድነው ግጥሙ ነው። ያሸነፈው ሰፈር በተሸነፈው ደጅ እየዞረ ግጥም ያወርዳል። ወንድሜ ጥርሱ የወለቀ ዕለት አላለቀሰም፤ በጥርሱ ላይ የወጣውን ግጥም የሰማ ዕለት ግን ገበያ መውጣት ተወ። እና ይኸ ሰው ነው ጨዋታ የባለጌ ነው የሚለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ሳለን ሽማግሌ መጣ። የላከችው ወይዘሮ የሺ ናት፣ የታች ቤቷ ማር ሻጭ። ማሯ ጥሩ ነው፤ አፏ ግን የንቡን መርፌ ይዞ የቀረ ነው። ልጇ ጋሸና መገናኛው ላይ ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ይለጥፋል። ለሱ ትርንጎን ስጡን አሉ። ሽማግሌዎቹን የመራው አያ ይመር ነው፤ እሱ አንድ ደጅ ከተቀመጠ ቃል ሳይቀበል የማይነሣ ሰው ነው፤ ዝናብም አያስነሣውም።

ወንድሜ ላይ ታች አለ። ልጅቱ አዲስ አበባ ናት፣ እንቢ ብትልስ? እሺ ብትልስ ኳሱን ማን ይነጥቃታል? በዚያው ሰሞን ደግሞ ቡድናችን ከጎረቤት አገር ሴቶች ጋር ጥሎ ማለፍ ደርሶት ነበር። ጥሎ ማለፍ ማለት የተሸነፈ ጓዙን ጠቅልሎ ይገባል፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ጎረቤት አገር ያልሁትን ስሙን አልጠራም። ነገ ቱሪስት ሆነው ላሊበላ ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ጠላ ሻጭ ነኝ።

ወንድሜ ታዲያ ምን አለ? በሽማግሌ ፊት፣ ጢሙን እያሻሸ፣ "ካለፉ ልጄን አልጠራትም፣ እስኪበቃት ትጫወት። ከወደቁ ግን የእናንተ ናት፣ ድግሱን ደግሱ" አለ። አያ ይመር መርቆ ተነሣ። በልባቸው ሁሉም ሠርጉን ጨርሰዋል። ለምን ብትሉ፣ እነዚያ ጎረቤቶች ከዚህ በፊት አሸንፈውናል። ወንድሜ በልጁ ሽንፈት ላይ ተማምኖ ቃል ሰጠ ማለት ነው። አባት ነው ይኸ?

ላሊበላ ድረስ መጥቶ ይህን ሲነግረኝ የያዝሁትን ጣሳ አስቀመጥሁ። "አበጋዝ፣ አንተ ሰው ነህ?" አልሁት።

"እቴ፣ ቃል ነው፤ ወጥቷል" አለ።

"ቃሉን ተወው፤ ልጅቱ ታውቃለች?"

"ብታውቅ ትጨነቃለች።"

ለሷ አዝኖ ነው እንግዲህ። አዛኝ ቅቤ አንጓች ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እንግዲህ የምነግራችሁ። ታች ቤት ሙሉውን ከባላጋራ ጎራ ገባ። ትናንት ኳስ ክብ ይሁን ሞላላ የማያውቁ ሰዎች ለጎረቤት አገር ደጋፊ ሆኑ። ለምን አይሆኑ? እኛ ከተሸነፍን ሙሽራ አለቻቸው። የማያውቋቸውን ሴቶች "ልጆቻችን" ማለት ጀመሩ። የወይዘሮ የሺ ወንድም የነዚያን አጥቂ ስም አጥንቶ፣ ጠላ ቤቴ ገብቶ፣ ጠላዬን እየጠጣ፣ "እግሯ አይጣል ነው፤ ጉልበቷ ይባረክ" ይላል። በአገር ላይ እንዲህ ይባላል? ጣሳውን ነጥቄ ልደፋው አሰብሁና ሒሳቡን ገና እንዳልከፈለ ትዝ ሲለኝ ተውሁት።

በስልክ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የሁለቱ አገር ሰዎች ይሰዳደባሉ። ጎረምሶቹ እያነበቡ ይተረጉሙልኛል። እነዚያ "እናንተ የደጋ ሰዎች፣ ቆላ ውረዱና እንያችሁ፣ እንደ ቅቤ ትቀልጣላችሁ" ብለው ጻፉ፤ ጨዋታው በነሱ አገር ነውና። የእኛዎቹ "እናንተ ደጋ ስትወጡ ትንፋሽ በብድር ነው የምታገኙት" ብለው መለሱ። ጥሩ መልስ ነው፣ ደስ አለኝ። የታች ቤት ሰዎች ግን የትኛውን ቢወዱ ጥሩ ነው? ቅቤዋን። "እውነታቸውን ነው፣ ትርንጎ ሙቀት አትችልም" አሉ። ተወልዳ ያደገችበትን ብርድ እንደ ነውር አወሩባት። እነሱስ የት ተወለዱ? በረሃ?

ይህን ሁሉ ሰምቼ ስለት ልሳል ብዬ በጠዋት መኪና ገነተ ማርያም ሄድሁ። ከከተማችን አብያተ ክርስቲያናት ለምን አልተሳልሽም ትሉኝ ይሆናል። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ስለቴን በጠላ ቤቴ እንዳያወራርደው ብዬ ነው። እንደ ደረስሁ ቅጥሩ ሥር ማንን ባይ ጥሩ ነው? ወይዘሮ የሺን። እሷም ለካ ብልባላ ያለውን ደብሯን አፍራ እዚያ ድረስ መጥታለች። ሁለታችንም ነጠላችንን አጣፍተን ጎን ለጎን ቆምን። ሰላምታ አልነበረም። እኔ ጧፍ ተሳልሁ፣ ትርንጎ ግቧን ትጠብቅ ብዬ። እሷ ጥላ ተሳለች፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ መች ታውቃለች? እያንዳንዷን ሰማኋት።

አላስቻለኝም። አንድ ቄስ ቆመው ነበርና እጃቸውን ተሳልሜ፣ "አባታችን፣ ሰው በአገሩ ላይ ሲሳል ይፈቀዳል?" አልኋቸው።

"ምን ብለው ነው የተሳሉት?" አሉ።

ወይዘሮ የሺ ቀደመችኝ። "እኔ አገሬን አልረገምሁም አባታችን፤ ለልጄ ሚስት ነው የለመንሁት። አገር ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል፣ ልጄ ግን እየሸበተ ነው" አለች።

አባታችንም፣ "ልጆቼ፣ እመቤታችን ኳስ አታይም። ግን ጥላውም ጧፉም ለቤተ ክርስቲያን ያስፈልጋል፤ ማናችሁም ቢደርስላችሁ እንዳትቀሩ" ብለውን ገቡ። አያችሁ? ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ አባትየውም፣ ሁሉም ከጨዋታው የሚያገኘውን አውቋል። የምትጫወተዋን ያሰበ የለም።

ወደ ቤት የተመለስሁት ነገር ይዤ ነው። ነገርን የሚያበርደው ውኃ አይደለም፤ ነገር ነው። ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ልገዛ ወጣሁ። ወይዘሮ የሺ ማሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የታች ቤት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ሠርጉ ያወራሉ። ስንት በሬ፣ ስንት ጋን፣ ማን እንጀራ ያወጣል። ትርንጎ ገና ሜዳ አልገባችም፣ እነሱ ወጥ እየሠሩ ነው። እያለፍሁ ነበር፣ እግሬ ቆመ። አፌ ከኔ ሳያማክር ተከፈተ።

የታች ቤት ሙሽራ እጇ ወንፊት ነው፣
የመጣ የሄደው የሚያልፍበት ነው።

በቃ፣ ያልሁት ይኸን ነው። ጌሾዬን ሳልገዛ ሄድሁ። ላይ ቤቶች ግን እዚያው ሽንኩርት ተራ ነበሩ፤ ግጥም ደግሞ ለላይ ቤት እንደ ቁንዶ በርበሬ ነው፣ ያለሱ አይበሉም። ከቀትር በፊት ገበያው ሁሉ ይለዋል። ከቀትር በኋላ ብልባላ ደረሰ፤ ሰው በአህያ ሲሄድ ግጥሙ በምን እንደሚሄድ አላውቅም። የላይ ቤት ሴቶች "ለሠርጉ እናቀነቅነዋለን፣ ከበሮው ከእኛ" ብለው ለታች ቤት ላኩባቸው።

አሁን የወይዘሮ የሺን ሌሊት አስቡት። ምራት ማለት ምን እንደሆነ በእኛ አገር ታውቃላችሁ። ምራት የቤት ፊት ናት። እንግዳ ሲመጣ የምትታይ፣ በሰንበቴ የምትጠራ። ወደ ቤቷ የምታስገባት ሙሽራ ጎል ገብቶባት፣ አገር አስሸንፋ፣ ወንፊት ተብላ የምትመጣ ናት። የገናው ግጥም የወንድሜን ጥርስ ይዞ ስንት ዓመት ኖሯል? ይኸኛውስ የልጅ ልጆቿ ጋ አይደርስም?

እሑድ ጧት፣ ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ አያ ይመር ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ጠላ ቤቴ ገባ። ወንድሜ ጨዋታውን ሊያይ መጥቶ እዚያው ነበር። ወይዘሮ የሺም ከኋላቸው አለች፣ ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም ቢባልም እሷን ማን ይከለክላል።

አያ ይመር ከዘራውን አቆመና፣ "አቶ አበጋዝ፣ ላኪዎቻችን አንድ ቃል ጨምረዋል" አለ። ምንድን ነው ተባለ። "ልጅቱ ካሸነፈች በደስታ እንወስዳታለን። ከተሸነፈች ግን ይቅርብን፣ የተሸነፈች ሙሽራ ታች ቤት አትገባም ብለዋል።"

ወንድሜ ዓይኑ ተንከራተተ። "እንዴ፣ ካሸነፈችማ አልጠራትም ብዬ ቃል ሰጥቼ የለ? በእናንተው ፊት?"

"ሰጥተሃል" አለ አያ ይመር።

"እና ከተሸነፈች እናንተ አትፈልጓትም?"

"አንፈልግም" አለች ወይዘሮ የሺ።

ወንድሜ አንዱን ጣቱን አጠፈ፣ ሌላውን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋቸው። ብታልፍ ሠርግ የለም። ብትወድቅም ሠርግ የለም። ሠርጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠፋ። እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁት። ኧረ እንዲህ ያለ ድል አይቼ አላውቅም፤ ገና ኳሱ ሳይነካ።

ወይዘሮ የሺ ደግሞ አልወጣችም። የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ በሰፊው ተቀመጠች። "ልጃችንን ልይ እንጂ" አለች። ትናንት ጎረቤት አገርን ስትደግፍ የነበረች ሴትዮ ናት ይህን የምትለው። ወንድሟን "አንተ ያቺን አጥቂ ዳግም ብትጠራ ወዮልህ" ስትል ሰማሁ። እኔ ከራሴ ቤት ከኋላ ቆሜ የሷን ጀርባ አያለሁ።

ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት። ወደ ሜዳ ልንገባ ነው፣ ምርቃትሽን ልስማ አለች። መረቅኋት። ደስታዬን ግን መቻል አልቻልሁም። ወደ ጓሮ ወጣሁና ሁሉንም ከሥሩ ነገርኋት። አባትሽ እንዲህ አለ፣ ሽማግሌ እንዲህ አለ፣ እኔ እንዲህ አደረግሁ። "እና ልጄ፣ ብታሸንፊም ብትሸነፊም ነፃ ነሽ። ያንን ጎሚስታ ከጫንቃሽ ላይ አውርጄልሻለሁ" አልኋት።

የተመልካቹ ጫጫታ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

"እትዬ፣ ዳዊት ምን አለ?" አለችኝ።

"ማነው ዳዊት?"

"ጎሚስታው ነዋ።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ በልጁ ስንጣላ ከርመን ስሙን የጠየቀ አልነበረም። እኔ የየሺ ልጅ እለዋለሁ፣ ወንድሜ ያ ልጅ ይለዋል፣ አያ ይመርም "ልጃችን" ብሎ ነው የሚያልፈው።

"ታውቂዋለሽ?" አልኋት።

"ክለብ ከገባሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የኛ አውቶቡስ ጋሸና ላይ ጎማ ፈንድቶበት የለጠፈልን እሱ ነው። ተነጋግረን ጨርሰናል እትዬ። እስኪበቃሽ ተጫወቺ፣ የጋሸና መንገድ እስካለ ጎማ ይፈነዳል፣ እኔ የትም አልሄድም ብሎኛል። ሽማግሌውን እናቱ ቸኩላ ነው የላከችው፣ እሱ አልላከም።"

ጓሮዬ ውስጥ የነበረ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች። ከዚያ አሠልጣኟ ጠራቻትና ስልኩ ተዘጋ።

ገባሁ። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈዋል፣ መዝሙር እየተዘመረ ነው። ወይዘሮ የሺ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ ዕንባዋ ይወርዳል። ስታየኝ ዞር አለችና፣ "ማነው የደወለው?" አለችኝ።

"የተሳሳተ ቁጥር ነው" አልኋት።

ምን ልበላት ታዲያ? ልጆቹ ቀድመውን ተስማምተው ጨርሰዋል ብላት፣ እኔና እሷ ከእንግዲህ በምን ልንጣላ ነው?