ባለቤቴ ከነፋስ ጋር ሮጠው ነጩን ጋውን የማረኩበት ዜና

በዘመነ ቦርጭ በሦስተኛው ዓመት፣ ሐኪሙ ካልተንቀሳቀሱ ወዮልዎ ብሎ ባስጠነቀቀ በሁለተኛው ወር፣ የሩጫው ጫማ ተገዝቶ በካርቶኑ ውስጥ ሲያንቀላፋ በከረመበት ወራት፣ በዕለተ እሑድ፣ ሥዩመ ሶፋ፣ ዐቃቤ ሪሞት፣ የተባሉትን ሁሉ «ነገ» የሚሉት ታላቁ ባለቤቴ ለሩጫ ተነሡ። ይህን ዜና እንድጽፍ ያዘዙኝም እርሳቸው ናቸው፤ ልጃችን ስታድግ ታንብበው ብለው። እሺ፤ እኔም ሚስታቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ሆኜ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩላቸው።

በዚያች ዕለት ታላቅ ነፋስ ነበረ። በግቢያችን የልብስ ማስጫው ሽቦ ከላላ ሰንብቷል፤ ጌታው አጠብቀዋለሁ ብለው ቃል ከገቡም እንዲሁ ሰንብቷል። በሽቦው ላይ ነጩ ጋውኔ ታጥቦ ተሰቅሏል። ልጅ ሳሳድግ ዓመታት ቤት ከርሜ በማግስቱ ጠዋት በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ሥራ እጀምራለሁ፤ የተሰጠኝ ጋውን እርሱ ብቻ ነው፤ ያለ ጋውን መግባት የለም ተብያለሁ። ስለዚህ ጫማቸውን ሲያስሩ እግራቸው ሥር ወድቄ፣ እባክዎ መጀመሪያ ሽቦዋን ጠበቅ ያድርጉልኝ ብዬ ለመንኩ። እርሳቸው ግን ከበሩ ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ፣ ስሙ! ያልሰማችሁ ስሙ! ሯጭ በባዶ ሆዱ ሽቦ አያስርም! ስመለስ አስረዋለሁ። ብቻዬን እሄዳለሁና ማንም እንዳይከተለኝ!»

ለነገሩ ማን ሊከተላቸው።

ወእምዝ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ነፋሱም ከጀርባቸው ገብቶ ይገፋቸው ጀመር፤ እርሳቸው ግን ጉልበቴ ነው አሉ። ቱታቸው እንደ ድንኳን ተነፋ፤ ማንም አይከተለኝ ቢሉም ሠራዊት ተከተላቸው። ፊታውራሪዋ ጥቁር ፌስታል ነበረች፤ በቀኝ አዝማችነት ባዶ ካርቶን፣ በግራ አዝማችነት ባለቤቷ የጠፋባት የገለባ ባርኔጣ፣ በደጀንነት የመንደሩ አቧራ በሙሉ ከነትኬቱና ከነሶፍቱ። በዚህ ግርማ የጫማ ጠጋኙን ዳስ ያለ ጦርነት አለፉ፤ ሽቦ የሚሸጥበትን ሱቅ ቀና ብለው ሳያዩ አለፉ፤ ከነዳጅ ማደያው ደርሰው ሰፈሩ። ከዚያም በስልካቸው ለቤተ ዘመዱ ሁሉ በድምፅ ሁለተኛውን አዋጅ ላኩ፦

«ስሙ፣ ስሙ! ዛሬ እግሬ መሬት አልነካም! ሐኪሙ ይምጣና ይየኝ! አሁኑኑ ዞሬ እመጣለሁ፤ የመታጠቢያ ውኃ ይሙቅ!»

ደስ ብሏቸዋል፤ ድምፃቸው ያስታውቃል። እኔ ግን ያን ጊዜ ከምሰሶው ሥር ቆሜ አለቅስ ነበር። ሽቦው ተበጥሶ፣ ጋውኔ አጥሩን ዘሎ፣ ጌታዬን ተከትሎ ዘምቶ ነበርና።

ባለቤቴም ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩ። ወዲያው ክህደት ሆነ። ፌስታሏ፣ ካርቶኑና ባርኔጣዋ ጌታቸውን ጥለው ወደ ፊት ነጎዱ፤ ከኋላ ገና ሲደርስ የነበረው ደጀን ደግሞ ጌታውን ሳያውቅ ፊት ለፊት ገጠማቸው። አቧራው ዓይናቸውን፣ ሌላ ፌስታል አፋቸውን ያዘ። ሲገፉ ይገፋሉ፤ ሲራመዱ ባሉበት ናቸው። ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት አይዞህ ልጄ ብለዋቸው፣ ቀድመዋቸው አለፉ። ጉልበት የተባለው ሁሉ የማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ሳይታወቃቸው አልቀረም፤ ግን አላመኑም።

በዚህ ጭንቅ ሳሉ አንድ ነጭ ነገር ከሰማይ ወርዶ ደረታቸው ላይ አረፈ። በኪሱ ላይ በሰማያዊ ክር «ላብራቶሪ» ተብሎ ተጠልፏል። ሳምንቱን ሙሉ በመስታወት ፊት ስለካው፣ አምሮብኛል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዎ አዎ ያሉለት ጋውን ነው። እርሳቸው ግን፣ ኋላ ራሳቸው እንደ ነገሩኝ፣ ለጀግና የተላከ ካባ መሰላቸው። ሊለብሱት ሞከሩ፤ ቦርጭ እምቢ ስትል በእጅጌዎቹ አንገታቸው ላይ አሰሩት። ላባቸውንም ጠረጉበት። አፍንጫቸውንም… ይቅር፣ ይህ በዜና መዋዕል አይጻፍም።

ልጃችንም ከአጥሩ ላይ ሆና ከሩቅ አይታ አወጀች፦

«ስሙ፣ ስሙ! የእማዬ ጋውን በእግሩ እየመጣ ነው!»

ድል አድራጊው ገቡ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጭብጨባ ጠበቁ። ማንም አላጨበጨበም። መጀመሪያ ያበጠውን ዓይኔን አዩ፤ ቀጥለው ባዶውን ምሰሶ አዩ፤ ቀጥለው ካባቸውን ከጀርባቸው ስበው ኪሱን አነበቡ። ጆሮአቸው ድረስ ቀሉ። እኔም ትዳር ከያዝኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬን አዋጅ አስነገርኩ፦

«ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ! ዛሬ እርስዎ የለም! ያስሞቅከው ውኃ ለጋውኑ ነው፤ በእጅህ ታጥበዋለህ። ንቀህ ያለፍከው ሱቅ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሽቦው አንተ ነህ። እጅህን ዘርግተህ፣ ጋውኔ እስኪደርቅ ትቆማታለህ!»

እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠቡት፤ እውነቱን ለመናገር፣ አሳምረው አጠቡት። ከዚያም በግቢው መካከል ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመው፣ በተዘረጋ ክንዳቸው ላይ ጋውኔን በመቆንጠጫ አስይዘው ቆሙ። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ ልጃችን ውኃ አጠጣቻቸው። ጎረቤት በአጥር እያየ ሳቀ፤ አላወረዱም። እኔም ንዴቴ በየት በኩል እንደ ወጣ እንጃ፣ አጨበጨብኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጋውኔን ለብሼ ሥራ ገባሁ።

ስለዚህ ከዚያች ዕለት ወዲህ ሥዩመ ሶፋ መባላቸው ቀርቶ፣ ሥዩመ ሽቦ፣ ዐቃቤ ጋውን፣ ሲሮጡ ነፋስ የረዳቸው፣ ሲቆሙ ግን ማንም ያልረዳቸው ኃያሉ ባለቤቴ ተብለዋል። ዘመናቸው ይርዘም፣ ክንዳቸው አይዛል፤ ሽቦው እስካሁን አልታሰረም፣ በሚመጣው እሑድም ብርድ ልብስ አጥባለሁ።