የሠዓሊ ኮከብ በየትኛው «ሰ» ይቆጠራል?

በዚህ ምድር ላይ ጥፋተኛ ሠዓሊ ተፈልጎ አይገኝም! ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲያጣምም ይቅርታ ይጠይቃል፤ ግንበኛ ግድግዳው ሲዘምበት ቢያንስ ከሰፈሩ ይጠፋል። ሠዓሊ ግን አንበሳ ሣል ተብሎ ፍየል ቢወጣው፣ ዓመት ሙሉ በሩን የሚያንኳኳ ቢያጣ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ኮከቤ ነው» ይላል። እናንተም ታምኑታላችሁ! አትካዱ… ጸጉሩን ያንጨባረረ ሰው ስታዩ «የጥበብ ሰው ኮከቡ ልዩ ነው» ስትሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ከአውራ ጎዳናው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ «ሠዓሊ ተካልኝ» የሚል ቦርድ ሰቅዬ እኖር ነበር። ሠዓሊ ይበል እንጂ እንጀራዬ ፊደል ነው። የሆቴል ስም፣ የሱቅ ስም፣ የጭነት መኪና ግንባር ላይ የሚጻፍ ጸሎት… ይኸው ነው። በፊደል ግን ቀልድ አላውቅም! ቄስ ትምህርት ቤት በኩርኩም ነው የተማርኩት።

ፊደላችን ሁለት «ሰ» እንዳለው ታውቃላችሁ። አንደኛው ሦስት ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረው «ሠ» ነው፤ ንጉሥ ሲባል የሚጻፈው እሱ ስለሆነ «ንጉሡ ሠ» ይባላል። ሌላው እሳት ሲባል የሚጻፈው «ሰ» ነው፤ ስሙም «እሳቱ ሰ»። አፍ አይለያቸውም፤ የተማረ ዓይን ግን ይለያቸዋል። ሠዓሊ የሚጻፈው በንጉሡ ነው። በእሳቱ ተጽፎ ያየሁ ቀን ምሳዬ አይበላልኝም ነበር።

ችግሩ ምሳውም አልነበረም። የከተማው በር ሁሉ ተጽፎ አለቀ! አዲስ ሆቴል አይከፈት፣ አሮጌው አይዘጋ… ሁለት ወር ሙሉ ብሩሼን ሳጥብ ከረምኩ። ጣርማ በር ላይ ገብስ የሚያርሱት አማቴ ደግሞ ቀን ቆርጠውልኝ ነበር። «ፊደል መቀባትም ሥራ ሆነና! እስከ ሰኔ ካልቀናህ ያንን ቤት ዘግተህ ልጄን ይዘህ ና፤ ሞፈር ትይዛለህ» አሉኝ። በዚያ ብርድ! እኔ እኮ በሬ የማውቀው ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ስሥለው ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ነው መሪጌታ ጥበቡ የመጡት። መሪጌታ ኮከብ ቆጣሪ ናቸው። ከደጋ ወርደው ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ ጋቢያቸውን ግን በዚያ ሙቀት አያወልቁም። ጆሯቸው ከበድ ይላል። የከበደው የሌላው ሰው ጆሮ ስለሚመስላቸውም ሁልጊዜ ይጮሃሉ።

«አንተ ልጅ! ገበያ የራቀህ ለምን ይመስልሃል?»

«በሩ ሁሉ ስላለቀ ነዋ፣ መሪጌታ።»

«ምን በር አለ! የእናትህን ስም ንገረኝ።»

ስሜንና የእናቴን ስም ፊደል በፊደል ቆጠሩ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያሉ ገደፉ፣ የተረፈውን በጣታቸው ያዙና ፊታቸው ጠቆረ። «አሰድ! እሳት ነህ! ማን ሠዓሊ ሁን አለህ?» ከዚያ የጥበብ ሰዎችን ሁሉ በየኮከባቸው አሰለፉልኝ። «አዝማሪ ውሃ ካልሆነ ጉሮሮው አይርስም፤ ሲጠጣ የሚውለውም ለዚያ ነው፣ አትፍረድበት። እንጨት ጠራቢ መሬት ነው። ሠዓሊ ነፋስ ነው። እሳት የሆነ ሠዓሊ ግን ቀለሙ ብሩሹ ላይ ይደርቅበታል!»

ሰማችሁ? ቀለሜ እኮ እውነትም ይደርቃል! ከጣርማ በር የወረደ መንገደኛ ጋቢውን፣ ኮቱን፣ ሹራቡን በየተራ እያወለቀ በሚደርስበት ከተማ የማን ቀለም እንደማይደርቅ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሥራ ያጣ ሰው ምን ይጠይቃል?

«መድኃኒቱስ፣ መሪጌታ?»

ቦርዴን አንጋጠው እያዩ «ሠዓሊ» የሚለውንም ቆጠሩት። «ይኸዋ! በንጉሡ ስለጻፍከው ሑት ላይ ወደቀ። ሑት ዓሣ ነው፣ ውሃ ነው፤ አንተን እሳቱን ያጠፋሃል። በእሳቱ ሰ ብትጽፈው ግን ሰውር ይሆናል። ሰውር በሬ ነው፣ መሬት ነው። መሬት ለእሳት ምድጃው ነው! በሬ ደግሞ ሥራ አጥቶ ያውቃል?»

ስሕተት በገዛ ቦርዴ ላይ ልጽፍ! የአማቴ ሞፈር ትዝ ሲለኝ ግን መሰላል አወጣሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ሐጂ ዑመር ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ እሱ ግን ማንም የማያውቅ የሚመስለው ጆሮ ጠቢ ሻዩን ያማስላል።

መሪጌታ ከታች ሆነው ጮኹ፦

«ንጉሡን አውርደው!»

«እሺ… እምቢ አለ እኮ፣ ተጣብቋል!»

«ብዙ ዘመን ስለተቀመጠ ነው! ፋቀው!»

«ከወረደ በኋላስ?»

«እሳቱን ታስገባለህ! እሳቱ ይግባ እንጂ፣ ከተማው ሁሉ ሲነሣ ታያለህ!»

«ዓይኑንስ?» አልኩ። ከሠ ቀጥሎ ያለው «ዓ» ዓይኑ ዐ ስለሚባል መፋቁን ለማወቅ ነው።

«ዓይኑን እንዳትነካ! ዓይኑ የእኛ ነው!»

ጆሮ ጠቢው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ጆሮ ጠቢ ሻይ ትቶ ሲነሣ ደህና ነገር የለም፤ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ስፍቅ አላየሁትም። ሠ ተፍቆ ሲያልቅ ሐጂ ዑመር በልጅ ልጃቸው አስነብበው ኖሮ ከማዶ ተጣሩ።

«ተካልኝ! ማሻአላህ! ዓሊ ሆንክ እንዴ?»

ቀና ብዬ ባየው እውነትም ቦርዱ ላይ የቀረው «ዓሊ ተካልኝ» ነው። ልስቅ አፌን ስከፍት ሁለት ፖሊሶች መሰላሌን ያዙ። ልታግዙኝ ነው ወይ ብዬ አመሰገንኳቸው!

ጣቢያ ስደርስ ምክትል መቶ አለቃ ሰይፉ ከጠረጴዛው ኋላ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ትከሻው ላይ አንዲት ኮከብ አለች፤ በቀን ሦስቴ በመሐረብ ይወለውላታል ይባላል።

«ንጉሡ ይውረድ ያልከው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ጌታዬ! እኔ ያወረድኩት ብቻ ነኝ።»

«ስንት ሰዎች ናችሁ?»

«ሰዎችማ ሁለት ናቸው። አንዱ ንጉሡ፣ አንዱ እሳቱ።»

«እሳቱ! የቤት ስሙ ነው ወይስ የሽፍትነት ስሙ?»

«ከፊደል ነው፣ ጌታዬ።»

ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ጻፍ። እሳቱ የተባለው ፊደል የቆጠረ ነው።» ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ «ዓይኑ የተባለውስ የት ነው?» አለኝ።

«ቦታው ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም።»

«ቦታ አለው ማለት ነዋ! ጻፍ፤ ዓይኑ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

አሁን እየሳቅኩ አወራዋለሁ እንጂ ያኔ ፈርቼ ነበር፣ ክፉኛ ፈርቼ። እንዲያ ባለ ነገር የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚናገር አልነበረም። ሚስቴ ዓይኔ ላይ መጣች። የአማቴ ሞፈር እንኳ ናፈቀኝ፤ ብርዱም፣ ገብሱም! በአንዲት ፊደል ልጠፋ ነው አልኩና «መሪጌታ ጥበቡን ጥሩልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

መሪጌታ መጡ። ሁለቱን ፊደላት ወረቀት ላይ ጻፉና ሁሉንም ከሥሩ አስረዱ። መቶ አለቃው ወረቀቱን ገለበጠ፣ አዘቀዘቀ፣ ወደ ብርሃን አወጣ…

«ይኼ ሁሉ ለኮከብ ነው?»

«ለኮከብ ነው፣ ጌታዬ» አሉ መሪጌታ፣ ትከሻው ላይ ያለችውን አንዷን ኮከብ እያዩ። «የእርስዎንም ልቁጠርልዎ?»

«እኔ መንግሥት የሾመኝ ሰው ነኝ፤ በእንዲህ ዓይነት ከንቱ ነገር አላምንም!» አለ መቶ አለቃው። ጸሐፊውን አስወጣ። በሩን ዘጋ። «…የእናቴ ስም አበበች ነው።»

መሪጌታ ቆጠሩ። «ሰይፉ፣ በእሳቱ ሰ… ሰንቡላ! የእህል ዛላ ነው! ዓመት ሳይሞላ ኮከብ በኮከብ ላይ ይጨመርልዎታል።»

መቶ አለቃው አልሳቀም፤ ጆሮው ግን ቀላ። እኔን ለመልቀቅም ፈልጓል፤ የተጻፈው ቃል ግን ተጽፏል፣ ጆሮ ጠቢውም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል። አሰበ፣ አሰበና ጠረጴዛውን መታ።

«ፊደልም ቢሆን ንጉሥ ንጉሥ ነው! እኔ ባለሁበት ከተማ ንጉሡን የሚያወርድ የለም። እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ በየቦርዱ ያለው ሰ ሁሉ ንጉሡ ይሁን! የምትጽፈውም አንተ ነህ፤ ቅጣትህ ነው።»

«ጌታዬ፣ እሳቱ ብቻ የሚገባባቸው ቃላት አሉ እኮ…»

«እሳት ለዚህ ከተማ አያስፈልግም! ሙቀቱ ይበቃል!»

ወገኖቼ፣ ሥራ ዘነበ! ከጣቢያ ትእዛዝ መጥቷል ሲባል ቦርዱን ተሸክሞ ደጄ ያልተሰለፈ ባለቤት የለም። ሱቁን «ሡቅ»፣ ልብስ ስፌቱን «ልብሥ ሥፌት»፣ ሰላም ምግብ ቤትን «ሠላም» አደረግኩት። ቦርዱን ወንበር ላይ አቁሜ ብሩሹን ባሳረፍኩ ቁጥር የድሮ መምህሬ ኩርኩም አናቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። የገዛ ቦርዴ ላይ ንጉሡን መለስኩት፤ እሱ እንኳ ድሮም ቦታው ነው። መሪጌታ በደጄ ባለፉ ቁጥር «አላልኩህም? በሬ ሆንክ!» ይላሉ። ሰኔ ገባ፣ አማቴ ላኩብኝ፤ ጊዜ የለኝም አልኳቸው!

ያልተደሰቱት ሐጂ ዑመር ብቻ ናቸው። አዲሱን ቦርዳቸውን አንገታቸውን አዘንብለው አዩት።

«ተካልኝ፣ ወላሂ እኔ ፊደል አላውቅም። ይኼ ግን ሹካ ነው የሚመስለው። ሰዉ ምግብ ቤት ነው ብሎ እንዳይገባብኝ!»

«የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ማንኪያም ጨምርልኝ!»

የመጨረሻው ሥራ የጣቢያው ነበር። ውጭው ላይ «ፖሊሥ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቃሉ ከባሕር ማዶ እንደመጣ አውቃለሁ፣ ግን ማን ይከራከራል? ከዚያ የአለቃው ክፍል በር ላይ «ምክትል መቶ አለቃ ሠይፉ» ብዬ፣ በንጉሡ፣ አሳምሬ ጨረስኩ። መቶ አለቃው ወጥቶ አየውና ደስ አለው። ነገሩ የተበላሸው መሪጌታ አጠገባችን ቆመው በጣታቸው መቁጠር ሲጀምሩ ነው።

«ምነው፣ መሪጌታ?» አለ መቶ አለቃው።

«ምንም… ምንም አይደል» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ። «ስምዎ በንጉሡ ሲሆን ሸርጣን ላይ ይወድቃል። ሸርጣን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።»

መቶ አለቃው ትከሻውን በእጁ ሸፈነ፤ ያለችውንም አንዷን የሚወስድበት የመጣ ይመስል። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ጆሮ ጠቢው አለመኖሩን አረጋገጠ። ከዚያ ከጎኔ ተጠግቶ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣

«ተካልኝ ወንድሜ… በሩን ዘግተህ ቀይረው» አለኝ።

ዘግቼ ቀየርኩት። ከከተማው በር ሁሉ ንጉሡን ያስወጣው የእሱ በር ብቻ ሆነ።

እኔ ለኮከቤ ብዬ ባወርደው ታሰርኩ። እሱ ለኮከቡ ብሎ አስወረደው፤ በዓመቱ ሁለተኛዋን ኮከብ ሰጡት። ምክንያቱ ምን ተብሎ ተጻፈ መሰላችሁ? «ለዙፋኑ ባሳየው ታማኝነት»!