የአቶ ቫልደማር አፍንጫ

ሌላው የሠራውን ቀምሶ ጉድለቱን የሚናገር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ጨው እንደበዛ ግን ያውቃል። በኛዋ የወደብ ከተማ በስቬንቦርግ ይህን ሹመት የያዙት በጡረታ ላይ ያሉት የጀልባ ካፒቴን፣ ሊቀ ጠበብት ቫልደማር ክራግ ናቸው። መንበራቸው ከትምባሆ ሱቄ ደጃፍ ወደቡን የሚያየው አግዳሚ ወንበር ነው።

እኔ የፒፓ ትምባሆ እየቀየጥኩ እሸጣለሁ። ባንኮኒዬ ላይ የቅምሻ መዝገብ አለ፤ የቀመሰ ሁሉ አስተያየቱን ጽፎ ከአምስት ነጥብ ይሰጣል። ታዲያ ደንበኛ አዲስ ቅይጥ ሲያይ እኔን አይጠይቅም፣ ገጹን ገልጦ ቫልደማር ምን እንዳሉ ያነባል። በሃያ ዓመት ውስጥ ለኔ ቅይጥ ከሁለት በላይ ሰጥተው አያውቁም! "የረጠበ ድርቆሽ፤ አንድ።" "የአክስቴ ቁም ሳጥን፣ ያውም በክረምት፤ አንድ ተኩል።" የተከራከራቸው ካለ አፍንጫቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና፣ "እኔን ተወኝ፣ አፍንጫዬን ጠይቅ!" ይላሉ።

ቅምሻቸው ደግሞ ሥርዓት አለው። ትምባሆውን መዳፋቸው ላይ በትነው ያሸታሉ፣ ፒፓቸውን ቀስ እያሉ ይሞላሉ፣ አንዴ ለኩሰው እንዲጠፋ ይተዉና እንደገና ይለኩሳሉ። መሃል ላይ ያወራ ወዮለት! አንድ ቀን ባለቤታቸው ኢንገር ምሳ ደርሷል ልትል መጥታ፣ አፏን ሳትከፍት በእጅ ምልክት ተባረረች።

ከሁሉ የሚጠሉት ቼሪ የገባበትን ትምባሆ ነው። "የልጆች ጄሊ" ይሉታል፤ ሽታው ከመጣ መንገድ ተሻግረው ይሄዳሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ስድስት ወር የለፋሁበትን ቅይጥ አቀረብኩላቸው። በጥድ ጭስ የታጠነ ቅጠል እንዳለበትም ነገርኳቸው። አሸተቱ፣ ሞሉ፣ ለኮሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የጥድ ጭስ... ሬንጅ የተቀባ የመርከብ ገመድ... ሦስት!"

ሦስት! ክንፍ አውጥቼ ልበር ደረስኩ። ወዲያው ጭሱ ወደኔ ነፈሰ። ቼሪ ነው። ለካ የትምባሆ ማሰሮ ተሳስቼ የቼሪውን ሰጥቻቸዋለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሃያ ዓመት መሬት ለመሬት ሲጎትተኝ የኖረ አፍንጫ ይኸው! ጎረቤቱን ሁሉ መጥራት አማረኝ። ግን ሰውየው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው፤ አሳዘኑኝ።

"አቶ ቫልደማር፣ ይሄ እኮ የቼሪው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ፒፓው ከአፋቸው ወረደ።

"ከጥር ወዲህ ነው፣ ፕሬበን" አሉኝ። "ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ትናንት ገንፎው አርሯል ብላ ኢንገር ስትጮህ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ለማንም እንዳትናገር። መዝገቡን ከቀማችሁኝ ምን ይቀረኛል?"

አንጀቴን በሉት። ትክክለኛውን ማሰሮ አመጣሁና የራሴን ፒፓ ሞላሁ።

"እኔ ላሽት፣ እርስዎ ይጻፉ።"

"አሽት።"

"ግሩም የጥድ ጭስ፣ ለስለስ ያለ፣ ልብ የሚያሞቅ..."

"አሽት አልኩህ እንጂ ሽጥልኝ መች አልኩህ!"

አፈርኩ። አንዴ ሳብኩ፣ ደገምኩ።

"ጭሱ በዝቷል" አልኩ ሳይታወቀኝ። "ቅጠሉን ውጦታል። መጨረሻው ላይ ምላስ ያቃጥላል።"

"ስንት?"

"ሁለት።" የስድስት ወር ልፋቴን፣ ያውም በገዛ አፌ!

ቫልደማር እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሃያ ዓመት ስነግርህ!" አሉና መዝገቡን ወደ ጉልበታቸው ስበው ረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ለማንም እንዳትናገር ያሉኝ ሰው፣ ከተማው ሁሉ በሚያነበው ገጽ ላይ በትልልቁ እንዲህ ጽፈዋል፦ "ጭሱ ቅጠሉን ውጦታል፤ ሁለት። የኔ አፍንጫ ከጥር ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል። ከእንግዲህ የፕሬበንን አፍንጫ ጠይቁ፤ አምስት።"