የመሪጌታ ምንተስኖት ጣራ

ወረቀት መጣል የማይሆንለት ሰው የሌለበት አገር የለም። ለእኛ መንዝ ግን እግዜር አብዝቶ ሰጥቶታል፤ መሪጌታ ምንተስኖትን ሰጥቶታል።

የአይጥና የምስጥ ባላጋራ የሆኑት እኒህ ሊቅ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳያነቡ አያልፉም። "ፊደል ያለበት አይጣልም!" ነው ቃላቸው። በ1997 ምርጫ ማግስት የገዢውንም የተቃዋሚውንም ፖስተር ከየግድግዳው ልጠው ለአንድ አሮጌ የድጓ መጽሐፍ ገበር አደረጉት። በዚያ ዓመት ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ያዋሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ ከበሮው የተጠገነበት ቁራጭ ብራና ላይ ፊደል አዩና ጭፈራውን አስቁመው ጮክ ብለው አነበቡት። ጸሎተ ፍትሐት ሆኖ ተገኘ። የሙሽራዪቱ እናት እስከ ዛሬ አያናግሯቸውም።

ሚስታቸው የትምወርቅ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። "እኔም ግንባሬ ላይ ፊደል ቢኖር ዞር ብለው ባዩኝ ነበር" ትላለች ለጎረቤት።

የባሰው የመጣው የደብሩ ጥንታዊ ዕቃ ቤት የተደረመሰ ጊዜ ነው። ከአያት ቅድመ አያት የተረፈው መጽሐፍ ሁሉ ድንጋይ ተጫነው። መሪጌታ በጋውን ሙሉ ፍርስራሹን እየማሱ አወጡት፤ ሳይወድቅ በቀረው ጥግ ደረደሩት። ክረምት ደረሰ። ቤታቸው እንዳያስገቡት የደብር ንዋየ ቅድሳት ከባልና ሚስት መኝታ ጋር አያድርም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ያፈሳል። ለዚያ ጥግ የሣር ክዳን ያስፈልጋል፤ ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ ሜዳ ደግሞ እንዳይታጨድ ታግዷል።

"ለዳዊት ነው እኮ!" ብለው የጓሳውን ጠባቂ አቶ ወንዳፈራሁን ለመኑ።

"መሪጌታ፣ ለዳዊትም ለበግም ታግዷል" አሏቸው።

በማግስቱ የትምወርቅ ከሞላሌ ገበያ ስትመለስ ሊቁ የገዛ ቤታቸው ጣራ ላይ ወጥተው ክዳኑን ሲነቅሉ ደረሰች። ሰማዩ ጠቁሯል። ጎረቤቱ ወጥቶ ጠቡን ይጠብቃል። መሪጌታ ሣሩን እንዳቀፉ ክው አሉ።

"ብራናው... ዝናቡ ሊመጣ ነው..." አሉ።

ደሟ ፈልቶ ነበር። ግን ልብ ብላ ስታይ የነቀሉት በበሩ በኩል ነው፤ የእሷን መኝታ አልነኩም። አንጀቷን በሉት።

"እሱ የበሰበሰ ነው፣ ጠብታ አይችልም" አለች ነጠላዋን እያገለደመች። "በኔ መኝታ በኩል ያለው አምና የተከደነ ነው፤ እሱን ይንቀሉ። እኔ የበግ ጠጉር ባናዬን እለብሳለሁ፤ መጻሕፍቱ አይለብሱም።"