ጋሽ ሴቲንግ እና አልወርድም ያለችው መስኮት

ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ጋሽ ሴቲንግ አለው። ስሙና መልኩ ከቦታ ቦታ ይለያይ ይሆናል፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ያስተካክላል፣ ሥራውን ጨርሶ በኩራት ይሄዳል። እውነተኛው ብልሽት የሚጀምረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

የኛው ጋሽ ሴቲንግ በቅጥራቸው የትርጉም ቢሯችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ በሹፈት የጀመርነውን እሳቸው እንደ ሹመት ተቀበሉት። ቢሮው እርግጥ በደመወዝ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያም አለው። እሱ ግን ሲጠሩት ነው የሚመጣው፤ በዚህ በኩል ከጋሽ ሴቲንግ አጠገብም አይደርስም።

"እስቲ ዞር በልልኝ" ይላሉ፤ ወንበርህን ሳታስበው ትለቃለህ። ስክሪኑን እንደ ሐኪም አዘንብለው ያዩና ይበይናሉ፦ "ሴቲንጉ ነው!" ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሴቲንጉ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ቢያኝክ ሴቲንጉ ነው። አንድ ቀን የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፍቶ ሕንፃው ጭልም ሲል፣ ከመዝገብ ቤቱ በኩል "ማንም ምንም እንዳይነካ!" የሚል ድምፅ ሰምተን ነበር።

የአራሚያችን ዓይን ደከመ ብለው ፊደሉን አሳደጉለት፤ ምስኪኑ ሰውዬ ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ገጽ ሲያነብ ከረመ። የኃላፊያችን ማውስ ቀስ አለ ብለው "ትንሽ ፈጠን ትበልልሽ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ቀስቷ እንደ ደነገጠች ዝንብ ከጥግ ጥግ ስትበር ኃላፊያችን በሁለት እጇ ታሳድዳት ነበር።

እኔ ተራዬ እስኪደርስ እስቅ ነበር።

ተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ ሁለት መስኮት ይፈልጋል፤ በአንዱ ዋናው ጽሑፍ፣ በሌላው የኔ ትርጉም። አንዱን ስነካ ሌላው ከኋላው ይደበቃል። ቀኑን ሙሉ ድብብቆሽ ነው። አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ "ኤጭ! ደግሞ ተደበቀ!" አልኩ፤ ለራሴ። መዝገብ ቤቱን ከኛ የሚለየው ስስ ኮምፔንሳቶ መሆኑን ረስቼ።

ወዲያው ኮቴ ተሰማ። "ምኑ ነው የተደበቀው?"

"ምንም አይደለም ጋሼ፣ ብቻዬን ሳወራ ነው።"

"እስቲ ዞር በልልኝ።"

ዞር አልኩ። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረዱና ጫኑልኝ። "ይቺ የፈለግከውን መስኮት ከሁሉም በላይ ይዛ ታቆይልሃለች። እነዚህን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫን ጥጉ ላይ ቀይ መርፌ ታያለህ፤ አለቀ፣ ተሰካ። ሌላ ሃያ መስኮት ብትከፍትበት ንቅንቅ አይልም።"

"ማውረድ ስፈልግስ?"

ጋሽ ሴቲንግ አዘኑብኝ። "ለምን ታወርደዋለህ?"

እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ዋናው ጽሑፍ ከላይ ተሰክቶ፣ እኔ ከሥሩ እያየሁ ስተረጉም ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከአንድ ትልቅ ደንበኛችን ጋር የኢንተርኔት ስብሰባ ነበረኝ። ትርጉሙን ላሳየው ስክሪኔን ከፈትኩለት። ለካስ ጣቴ ሳላውቀው እነዚያን ሁለት ቁልፎች ነክቷል፤ የተሰካው መስኮት ከባለቤቴ ጋር የምንጻጻፍበት ነበር። ከትርጉሜ በላይ በደማቁ እንዲህ ይላል፦ "ያ ነዝናዛ ደንበኛ ዛሬም ስብሰባ ጠራህ? አይዞህ የኔ ጌታ፣ ዝም ብለህ ራስህን ነቅንቅለት።"

ሌላ መስኮት ከፈትኩበት፤ አልተሸፈነም። ጎተትኩት፤ ወደ መሀል መጣ። ደንበኛው አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቀና "አዎ፣ ሲነቀንቁ አይቻለሁ" አለኝ።

ኃላፊያችን ሥራውን ከእጄ ወስዳ ለሌላ ሰጠች። እኔ ደግሞ በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሁ።

"ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሬ አጠገብ እንዳይደርሱ!"

"መስኮቷ ወረደች እንዴ?"

"የት ትወርዳለች!"

"እንግዲያው በደንብ እየሠራች ነው" አሉኝ፣ በእርካታ።

ተኳረፍን። በትክክል ለመናገር እኔ አኮረፍኩ፤ እሳቸው ነገሬም አላሉት።

በዚያው ሰሞን የጸሐፊያችን እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ "ያለ ደጋፊ እንዳይነሱ፣ ዳግመኛ ከወደቁ አልጋ ላይ ይቀራሉ" ብሎ አስጠነቀቀ። ጸሐፊያችን የዓመት ፈቃዷን ሆስፒታል ስታስታምም ጨርሳዋለች፤ ሌላ ዘመድ የላትም፤ አንዲት ጎረቤት አልፎ አልፎ ብቅ እያለች ታይላታለች። ስለዚህ ስልክ በርጩማ ላይ አስደግፋ በእናቷ አልጋ ፊት ለፊት ታስቀምጥና፣ ቢሮ ገብታ በኮምፒውተሯ ላይ በቪዲዮ ታያቸዋለች። ይህንንም የምታደርገው በድብቅ ነው፤ በሥራ ሰዓት የግል ጥሪ ኃላፊያችን ከልክላለች።

ችግሯ የኔው ችግር ነበር። ደብዳቤ ስትከፍት እናቷ ከኋላ ይደበቃሉ። አንድ ቀን ደብዳቤዋን ጨርሳ ወደ እናቷ ብትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ስልክ ስትደውል፣ ስታለቅስ፣ ለካ ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፈው እስከ በሩ ሄደው ኖሮ፣ ራሳቸው ተመልሰው መጥተው ተኙ። ልጅቷ ግን ወደ ደብዳቤዋ አልተመለሰችም። "ሥራውን እተወዋለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ" ስትለኝ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

'ይቺን ደግሞ ሊጨርሷት ነው' አልኩ በሆዴ።

"ልጄ፣ እስቲ ዞር በይልኝ" አሏት። እናቷን አሳንሰው የክብሪት ቀፎ አሳከሉና፣ በስክሪኑ የታችኛው ጥግ ላይ ሰኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሐፊያችን ምንም ብትጽፍ እናቷ ከደብዳቤው በላይ ናቸው።

የወሩ ስብሰባ ደረሰ። አጀንዳው ግድግዳው ላይ የሚታየው ከጸሐፊያችን ኮምፒውተር ነው። ኃላፊያችን "ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ" ስትላት ልጅቷ ተጣድፋ ፕሮጀክተሩን ሰካች። የክብሪት ቀፎዋ ግድግዳው ላይ የበር ያህል ሆነች። ኃላፊያችን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ "የሥራ ሰዓት ለሥራ ብቻ ነው!" እያለች ነበር፤ እኛ ሁላችን አፋችንን ከፍተን ከትከሻዋ በላይ ስናይ ዘወር አለች።

"እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?"

የጸሐፊያችን እናት ብርድ ልብሱን ገፈፉና አንድ እግራቸውን ወደ መሬት አወረዱ።

ጋሽ ሴቲንግ ተነሡ። "እናቷ ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው፤ መነሣት የለባቸውም። እዚያ የሰካኋቸው እኔ ነኝ፤ የምትቀጪው ካለ እኔን ነው። አሁን ግን አስቀምጧቸው!" ብለው ዘለው ሄደው ድምፁን ከፈቱት።

"እማዬ! እንዳትነሺ!"

"ውሃ ጠምቶኝ ነው፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አሉ እናት፤ ሁለተኛውም እግር ወረደ። አልጋውን ጨብጠው ቀና ማለት ጀመሩ፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው ላይ ይታያል። ልጅቷ ጮኸች። ያን ጊዜ ኃላፊያችን፣ እኛን በምታርበደብድበት በዚያ ድምፅ፣ "እማማ! ይቀመጡ ብያለሁ!" አለች።

እኛም በየወንበራችን ቀጥ ብለን ተቀመጥን። እናትም ተቀመጡ።

"ማናት እቺ?"

"አለቃዬ ናት፣ እማዬ።"

"እንደምን ነሽ ልጄ" አሉ እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "በይ ልጄን አታስመሺብኝ።"

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ጎረቤቷ ተደውሎላት፣ ግድግዳው ላይ ብርጭቆ ይዛ ገባች። እናት ጠጥተው እስኪተኙ ኃላፊያችን ወረቀቷን ይዛ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና "ትንሽ ወደ ግራ አድርጉልኝ፤ ሦስተኛውን አጀንዳ ሸፍነውታል" አለች። ስለ ክልከላው ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሰችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በምሳ ሰዓት የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ተመልሼ ገባሁ። ቢሮው ጭር ብሏል። ጸሐፊያችን የለችም፤ በወንበሯ ላይ ጋሽ ሴቲንግ ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ለካስ በየቀኑ "ሂጂ፣ ፀሐይ ሙቂ፣ ምሳሽን እንደ ሰው ተቀምጠሽ ብይ" እያሉ ይልኳትና እሳቸው ይጠብቃሉ። እናት ስለ ልጅነታቸው የሆነ ረጅም ታሪክ ያወራሉ። የማናችንንም ዓረፍተ ነገር አስጨርሰው የማያውቁት ሰውዬ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

"ቀና በል እንጂ አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜህ ጎበጥክ" አሏቸው እናት በመሀል። ጋሽ ሴቲንግ ያለ ክርክር ቀና አሉ።

"ከኋላህ የቆመው ማነው?"

"ተርጓሚያችን ነው እማማ። አኩርፎኛል።"

"ምን አድርገኸው?"

ጋሽ ሴቲንግ ዳቧቸውን አገላበጡ። "ኮምፒውተሩን አበላሸሁበት።"

ይህን ለእኔ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

"ታዲያ ቆሞ ከሚያፈጥ አይበላም?" አሉ እናት።

ጋሽ ሴቲንግ ወደኔ ሳይዞሩ አንድ ወንበር በእግራቸው ሳብ አድርገው፣ ዳቦውን ለሁለት ገመሱ። ተቀበልኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እናት የሁለታችንንም አፍ እየተመለከቱ ታሪካቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ።