እንሰቱ ሲፋቅ እኔ የት ነበርኩ

በእኛ አገር እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ አንዷ ነውር ነው ትላችኋለች፣ ሌላዋ ስቃ ታልፋችኋለች። ሆሳዕና ተወልጄ፣ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ብቻ አይጠጋም፣ አለቀ።

ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ልጃቸው ከቦኖሻ መጥቶ የጓሮውን እንሰት ለመፋቅ ቆርጦ ጣለላቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። በማግስቱ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ። ቀኝ እጃቸው በጄሶ ታሰረ። እንግዲህ አስቡት፤ የተጣለ እንሰት እጅ እስኪድን አይጠብቅም፣ ይበላሻል። የዓመት ቀለባቸው እኮ ነው። ጠያቂው ሁሉ እግዜር ይማርዎ ሲላቸው እሳቸው ዓይናቸው ጓሮ ነው።

ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የዱራሜ ልጅ። ያን ቅዳሜ ተረኛ ስላልነበረች ትተኛለች ስል የእንሰት መፋቂያዋን ይዛ ስትወጣ አየኋት። ያን ሁሉ ብቻሽን? አልኳት። የቻልኩትን ያህል ብላኝ ሄደች። ማዶ ሱቅ ያላት ሙኒራ መፋቂያውን አይታ ወዴት ነው አለቻት። ሰምታ ሱቋን ዘጋች። በቅዳሜ ቀን ሱቅ ይዘጋል? ሳሙና ልትገዛ የመጣችው ሴት ምን ሆነች ብላ ተከተለቻት፤ እሷም እዚያው ቀረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጓሮው በሴት ሞላ።

ልቤ ተነካ፣ አልዋሽም። እኔም ልርዳ ብዬ በጄሪካን ውሃ ይዤ ወደ ጓሮ ዘለቅሁ። የወረደብኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ከፊሉ በሃዲይኛ፣ ከፊሉ በከምባትኛ ነበር። ጄሪካኑን ጥዬ ስሸሽ ባለቤቴ በአጥሩ በኩል የአንዷን ሕፃን አቀበለችኝ። መርዳት ካማረህ ይህን ያዝ አለችኝ። ያዩት እናቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው መጡ።

አስተማሪ ነኝ፣ ልጅ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ለካ የማውቀው ደብተር የያዘውን ነው። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይቀበለዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር አዝኖልኝ ነው መሰለኝ ቆመና አንዱን ታቀፈልኝ። እሱን ያየ ሌላ መንገደኛም ሳይወድ በግዱ አንዷን አዘለ።

አመሻሽ ላይ እንሰቱ ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ እንዲብላላ ጉድጓድ ገባ። እትዬ ማርታ በደህናው እጃቸው የእያንዳንዷን ራስ እየዳሰሱ መረቁ። እኔንም መረቁኝ። እንባዬ መጣ፣ ምን አሳፍሮኝ። ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር ስላኖረኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩት። ደግነት ይጋባል ብዬ ሰኞ ለተማሪዎቼ ሳይቀር አስተማርኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ በጠዋቱ በሬ ተንኳኳ። ከታችኛው ሰፈር የመጣች ሴት ናት፣ ልጇን ታቅፋለች።

"ጋሼ፣ እኛም እንሰት ጥለናል" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ማን ወደቀ፣ የማን እጅ ተሰበረ አልኳት።

"ኧረ ማንም አልወደቀም፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለችና ልጁን አስታቀፈችኝ። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ልጅ ያዘሉ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ።